አራስ ቤት የገባው መረብ

ቁጣዬ ከአፌ ይቀድማል፣ አፌ ደግሞ ከልቤ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ለትሕትና ብዬ አይደለም፤ ቀጥሎ የማወራው ጥፋት የማን እንደሆነ ከመነሻው እንዲታወቅ ብዬ ነው። ባሌ ቢያወራው ኖሮ «ያን ዕለት ንፋሱ በረታና…» ብሎ ይጀምር ነበር። ንፋሱን ተዉት። ጥፋቱ የኔ ነው።

የምንኖረው ሐይቅ መሀል ባለች ደሴት ላይ ነው። ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ በእግር ቢሄዱባት ግማሽ ሰዓት አትሞላም። ስልሳ ምናምን ቤት፣ አሥራ አራት ታንኳ፣ አንድ ሱቅ፣ አንድ የቆርቆሮ ዳስ አላት። ዳሱ ዓሣ ይመዘንበታል፣ መረብ ይጠገንበታል፣ ሰው ይታማበታል። አፈሩ ስስ ስለሆነ እርሻ የለም፤ የምንበላውም የምንለብሰውም ከውሃው ነው የሚወጣው። እኔ ግን የየብስ ሰው ነኝ። አባቴ ጫማ ሰፊ ነበር። ከባሌ ጋር የተዋወቅነው ዓሣ ገበያ ላይ በዋጋ ተጣልተን ነው። በሳምንቱ ይቅርታ ሊጠይቀኝ መጣ፤ ከዚያ ወዲህ ይቅርታ መጠየቅ ሥራው ሆኖ ቀረ። ይኸው ስድስት ዓመታችን።

ደሴቷ አንድ የማይነካ ሕግ አላት። በስተምሥራቅ ውሃው ወደ ምድር ገባ ብሎ፣ ዳር ዳሩን ሸምበቆ ከቦት፣ እንደ ጓዳ የተሸሸገ ቦታ አለ። «አራስ ቤት» ይሉታል። ዓሦቹ ዕንቁላላቸውን የሚጥሉት እዚያ ነው። በዓመት ሁለት ወር፣ ውሃው ሞቅ ማለት ሲጀምር፣ መግቢያው ላይ ሁለት ረጃጅም እንጨት ይተከልና ነጭ ጨርቅ ይታሰርበታል። ከዚያ ወዲያ መረብ አይጣልም፣ ታንኳ አይገባም፤ በአጠገቡ የሚያልፍ ሰው እንኳን መቅዘፊያውን ቀስ አድርጎ ነው የሚነክረው። አራስ አትረበሽማ! መጀመሪያ ስሰማ ስቄ ነበር። ሁለት ወር ከታገሡ በኋላ የሚወጣውን ዓሣ ሳይ ግን ሳቄን ዋጥ አደረግሁ።

ይህን ሕግ የተላለፈ ሰው ታንኳው ይደፋል። ገንዘብ አይከፍልም፣ አይሰደብም። ታንኳውን በገዛ እጁ ወደ ዳር ጎትቶ፣ ሕዝብ እያየው፣ አፉን ወደ መሬት ጀርባውን ወደ ሰማይ አድርጎ ይደፋዋል። ለአራት ወር ማንም አያነሳውም። ከታንኳው በቀር ሌላ ነገር ለሌለው ሰው አራት ወር ምን ማለት እንደሆነ እናንተው አስቡት። ምሕረት ያለው በአንድ መንገድ ብቻ ነው፦ የመረቡ ገመድ በማዕበል ተበጥሶ ከሆነ ጥፋቱ የሐይቁ ነው ይባላል፤ ባለመረቡ አይጠየቅም።

የአራስ ቤት ጠባቂ ደግሞ አብረውን የሚኖሩት አማቴ ናቸው። ደሴቷ በሙሉ «አዋላጇ» ትላቸዋለች። ሰው አዋልደው አያውቁም፤ የሚያዋልዱት ዓሣ ነው። እንጨቱ መቼ እንደሚተከል፣ መቼ እንደሚነቀል፣ የማን ታንኳ እንደሚደፋ የሚናገሩት እሳቸው ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ። የገዛ ወንድማቸውን ታንኳ አስደፍተዋል። እኔ ወደ ደሴቷ ከመምጣቴ ሁለት ዓመት በፊት ደግሞ የባለቀይ ኮፍያውን አስደፍተዋል። ባለቀይ ኮፍያው ኮፍያውን ሲተኛም የሚያወልቅ የማይመስል፣ ምላሱ ሬት የሆነ ዓሣ አጥማጅ ነው። ከአማቴ ጋር በየቀኑ ይሰዳደባሉ። እሱ «ዛሬም አልሞትሽም?» ይላቸዋል፤ እሳቸው «አንተን ሳልቀብር? አላደርገውም!» ይሉታል። ቂሙን ይዞ እንደሚኖር አልጠራጠርም ነበር።

እንግዲህ ወደ ጥፋቴ ልምጣ። አራስ ቤት በተዘጋበት ወር፣ ዓሣችንን የሚገዛው የነጋዴ ጀልባ ሊመጣ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ባሌ ያላሰብነውን ያህል ዓሣ ይዞ ገባ። ደስታችን ወሰን አልነበረውም፤ ሥራውም እንደዚያው። ቅርፊቱን ስፍቅ፣ ሆድ ዕቃውን ሳወጣ፣ ስሰነጥቅ፣ ጨው ስነሰንስ ዋልኩ። በርሜሉ ሞልቶ የእንጨት ክዳኑ አልገጥም አለ። ዓሣው ከጨው ውሃው በላይ ብቅ ካለ ይበላሻል፤ ክዳኑን የሚጫን ከባድ ነገር ያስፈልጋል። የደሴታችን ድንጋይ ደግሞ ቀዳዳ የበዛበት፣ ሲያዩት ትልቅ፣ ሲያነሱት ቀላል ነው፤ ልክ እንደ አንዳንድ ሰው። አንዱን ጫንኩበት፤ ክዳኑ መልሶ አነሳው። ሁለት ጫንኩ፤ ተንሸራተው ወደቁ፣ አንዱ እግሬ ላይ።

ያን ጊዜ ደጃፍ የተቀመጡትን የመረብ ድንጋዮች አየሁ። መረብ ሐይቅ ላይ ሲዘረጋ በሁለት ጫፉ ሁለት ከባድ ድንጋይ ታስሮ ይሰምጣል፤ መረቡን ባለበት የሚያቆመው እሱ ነው። የኛዎቹ ከየብስ የመጡ ጥቁር፣ ልሙጥ፣ ሕፃን የሚያህሉ ድንጋዮች ናቸው፤ በቁራጭ ጆንያ ተሰፍተው ገመድ ታስሮባቸዋል። አንዱን ከጆንያው አውጥቼ በርሜሉ ላይ ጫንኩት። ክዳኑ ሲጢጥ እያለ ወርዶ ቁጭ አለ። ደስ ሲል! «ማታ መረቡ ከመጣሉ በፊት እመልሰዋለሁ» አልኩ ለራሴ።

ማታ ደረሰ። ድንጋዩን ሳነሳው ክዳኑም አብሮ ተነሳ፤ ዓሣው እንደ ሊጥ ኩፍ አለ። መልሼ ጫንኩት። ባሌ ታንኳው ውስጥ የገባውን ውሃ እየጨለፈ «ድንጋዮቹን አምጪልኝ!» ይላል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለኔ ነው። ከደጃፉ ቀላሉን የደሴት ድንጋይ አነሳሁና ባዶው ጆንያ ውስጥ ከትቼ አፉን ሰፋሁት። ለአንድ ሌሊት ምን ይሆናል? ከውጭ ሲታይ አንድ ናቸው።

ባሌ ተቀብሎኝ ታንኳው ላይ ሲያስቀምጠው እጁ ላይ መዘነው።

«ቀለለኝ ልበል?» አለ።

«ጉልበትህ ጨምሮ ይሆናላ!» አልኩት።

ሳቀ። ያ ሳቁ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ጠርጥሮኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ እሱ ግን አመነኝ፤ ደረቱንም ትንሽ የነፋ መሰለኝ።

ጠዋት መረቡን ለማንሳት አብረን ወጣን። እኔ እቀዝፋለሁ፣ እሱ ይስባል፤ ሁልጊዜም እንዲህ ነው የምንሠራው። ሌሊቱን ሲነፍስ ያደረው ንፋስ ጸጥ ብሏል፣ ውሃው ላይ ስስ ጉም ተኝቷል። ለመንሳፈፊያ ያሰርናቸው ነጫጭ የፕላስቲክ ጠርሙሶች ከጣልንበት ቦታ የሉም። አንደኛው ጫፍ አለ፤ ደህናው ድንጋይ የታሰረበት ማለቴ ነው። ከዚያ ጀምሮ ግን መረቡ እንደተከፈተ በር ዞሮ፣ በሁለቱ እንጨቶች መካከል ገብቶ፣ አራስ ቤት ውስጥ ተዘርግቷል።

ባሌ መቅዘፊያውን ከእጄ ወሰደና ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ አስገባን። መረቡ ውስጥ አሥራ አንድ እናት ዓሦች ተይዘዋል። እንደዚያ ያለ ትልቅ ዓሣ አይቼ አላውቅም፤ ሆዳቸው በዕንቁላል ተወጥሯል። ሰባቱ በሕይወት ነበሩ፤ ባሌ አንድ በአንድ ፈልቅቆ፣ በሁለት እጁ ውሃው ውስጥ ትንሽ ይዞ አረጋግቶ ለቀቃቸው። አራቱ ሞተውብን ነበር። ታንኳው ወለል ላይ ሲያጋድማቸው ዓይኔን ዞር አደረግሁ።

ከዚያ የመጨረሻውን ገመድ ሳበ። ጆንያው ብቅ አለ። በአንድ እጁ ሲያነሳው ሁሉም ነገር ገባው። ስፌቱን ፈልቅቆ አየ።

«የኛው የት ሄደ?» አለ።

«በርሜሉ ላይ።»

አልተቆጣም፤ አይቆጣማ! ጭንቅላቱን በእጁ ይዞ ቁጭ አለ። እኔ ያን ጊዜ የታየኝ የተደፋው ታንኳችን ነው። አራት ወር። የበርሜሉን ዓሣ ሸጠን ገንዘቡን ለአንድ ወር አብቃቃን እንበል፤ ከዚያስ? ወደ አባቴ ቤት ልመለስ? ደግሞ የአዋላጇ ልጅ፣ የአዋላጇ ምራት! ሰው ምን ይላል? ታንኳው ወለል ላይ ቢላዋ ነበር። አነሳሁት፤ ገመዱን ከጆንያው በላይ ቆረጥኩት። ጆንያው ከነድንጋዩ ጥልቅ ብሎ ሰመጠ።

«ምን አደረግሽ?» አለኝ።

«አዳንኩህ።»

«ከምን?»

«ከእናትህ። ገመዱ በንፋስ ተበጠሰ እንላለን።»

«እኔ አልዋሽም» አለ።

«ማን ዋሽ አለህ? ዝም በል። ከዝምታ የበለጠ ምን ታውቅበታለህ?»

እንደዚህ ነው ያልኩት። ለዚህ ደግ ሰው እንደዚህ ብዬ መለስኩለት።

ከአራስ ቤት ስንወጣ ከጉሙ ውስጥ ቀይ ነገር ብቅ አለ። ባለቀይ ኮፍያው ታንኳውን አቁሞ ያየናል። እኛን አየ፣ መረቡን አየ፣ አራቱን ዓሦች አየ።

«ገመድ ተበጥሶብን ነው!» ብዬ ጮህኩ፤ ማንም ሳይጠይቀኝ።

«ዳሱ ጋ እንገናኛ» አለ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። ደንቡ ነው፤ መረብ አራስ ቤት ከገባ ባለቤቱ ቤቱ ሳይገባ ወደ ዳሱ ይሄዳል፣ ያየውም ሰው አብሮ ይሄዳል። እሱ ግን በደስታ የሚሄድ ነው የመሰለኝ። ስምንት ዓመት የጠበቀው ቀን መጣለት አልኩ።

ዳሱ ስንደርስ ወሬው ቀድሞን ደርሶ ሰው ሞልቷል። ታንኳቸውን ያሰሩ ወንዶች፣ ቢላዋ እንደያዙ ከሥራ የመጡ ሴቶች፣ የሱቁ ባለቤት ሳይቀር ሱቁን ዘግቶ መጥቷል። የአማቴ ወንድም ጥግ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፤ ታንኳቸው የተደፋባቸው እኒያ። አማቴን ጠርተዋቸው ከጓሯችን መጡ። እስከ ክርናቸው ድረስ ጨው ነበሩ። ሌላ ጊዜ ሲራመዱ መሬቱን የሚገፉት ይመስላል፤ ያን ቀን ግን አረማመዳቸው ፈዘዝ ያለ ነበር። ልጃቸውን አላዩትም። እኔንም አላዩኝም። አራቱን ዓሦች በጣታቸው እየነኩ ቆጠሩ።

«እንዴት ገባ?» አሉ።

ባሌ ዝም። ዝም በል ብዬዋለሁና ዝም። ስለዚህ እኔ ተናገርኩ።

«ንፋሱ… ገመዱን በጠሰው፣ እማማ።»

«ገመዱን አምጪው።»

ከመረቡ ጫፍ አንስቼ ሰጠኋቸው። እንግዲህ ይህን ልንገራችሁ፦ በማዕበል የተበጠሰ ገመድ ጫፉ ተተልትሎ፣ ክሩ ረዝሞና አጥሮ እንደ አሮጌ መጥረጊያ ነው የሚሆነው። በቢላዋ የተቆረጠ ግን እኩል ነው። ደሴት ላይ የተወለደ የአምስት ዓመት ልጅ ይለየዋል። የየብሷ ሴት ግን አላወቀችም። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል፤ የኔን ዘንዶ ያወጣሁት በገዛ እጄ ነበር።

አማቴ ገመዱን ተቀበሉ። ጫፉን አዩት። ከሳቸው በቀር ማንም ለማየት አልደረሰም፤ ምክንያቱም ወዲያው አውራ ጣታቸውን ጫፉ ላይ አድርገው እጃቸውን ጨበጡ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ለምን ጨበጡት? ከዚያ ፊታቸውን አየሁት፤ ሁሉን አውቀዋል። አውራ ጣታቸው ላይ የደረቀው ጨው እየረገፈ ነበር።

«እንዴት ነው?» አለ ባለቀይ ኮፍያው ከኋላ። «ተበጥሶ ነው?»

አማቴ አፋቸውን ከፈቱ። የሰው ሁሉ ዓይን አፋቸው ላይ ነው። ሠላሳ ዓመት እኚህ ሴትዮ «ይደፋ» ካሉ ይደፋል፣ «ይማር» ካሉ ይማራል፤ ለምን ብሎ የጠየቀ የለም፤ ቃላቸው ሚዛኑ ከሚለው ይልቅ ይታመናል። ወንድማቸው ጥግ ላይ አንገታቸውን አስግገው ያያሉ። ያን ቃል ነው እኔ ለአንድ በርሜል ዓሣ ብዬ ልሰብረው የደረስኩት። ታንኳው ከነመቅዘፊያው ገደል ይግባ አልኩ በልቤ።

«እኔ ነኝ የቆረጥኩት!» አልኩ።

ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፤ ቀስ ብዬ ማለት አላውቅም። ከዚያ በኋላ አፌ ተከፍቶ ቀረ። በርሜሉን፣ ድንጋዩን፣ ጆንያውን፣ ባሌን «ጉልበትህ ጨምሮ ነው» ማለቴን፣ ቢላዋውን፣ ሁሉን ተናገርኩ። «እሱ አያውቅም ነበር። ካወቀ በኋላም አልዋሽም ብሏል። ዝም ያሰኘሁት እኔ ነኝ» አልኩ። «ጉልበትህ ጨምሮ ነው» የሚለው ጋ ስደርስ ከኋላ የሆነ ሰው ሳቀ፤ ሌላው በክርኑ ጎሰመው።

አማቴ እጃቸውን ከፈቱ። ገመዱን ከፍ አድርገው፣ እኩል የተቆረጠውን ጫፍ ለሁሉም አሳዩ።

«ይደፋ» አሉ።

ታንኳ ቀላል መስሎ የሚታየው ውሃ ላይ ሲሆን ነው። እኔና ባሌ ከዳር ጎትተን አሸዋው ላይ አወጣነው። በአንድ ጎኑ ገብተን ልንገለብጠው ስንገፋ እንቢ አለ። ሕጉ ባለቤቱ ይድፋው ስለሚል ማንም አይረዳም፤ ሰዉ ቆሞ ያያል። ሁለተኛ ገፋን፤ እንቢ አለ። ያን ጊዜ አማቴ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ጠበቅ አድርገው አስረው በመካከላችን ገቡ።

«የኔም ታንኳ ነው» አሉ ማንንም ሳያዩ፤ እውነትም የሟች ባላቸው ታንኳ ነበር። ትከሻቸውን አስጠጉ። ታንኳው ተነሳ፣ ቆመ፣ ከዚያ ድው ብሎ ተደፋ። ሦስታችንም አሸዋ ላይ ቁጭ አልን። ባሌ እጄን ያዘኝ። «ጎሽ» አለኝ፤ አንድ ቃል ብቻ። ስድስት ዓመት ከተናገረኝ ሁሉ እሷ ትበልጥብኛለች።

በማግስቱ ገና ጎሕ ሲቀድ በራችን ተንኳኳ። ከፈትኩ። ቀይ ኮፍያ።

«ሊስቅብን መጣ» አልኩ በሆዴ፤ ለስድብ አፌን አዘጋጀሁ።

«ባልሽን ቀስቅሺው» አለ። «ታንኳዬ ይጠብቀዋል። ወንድሜ ተቀምጦበታል፤ ያንዱ ሰው ቦታ ክፍት ነው።»

«የማን ቦታ ነው ክፍት የሆነው?» አልኩ።

«የኔ ነዋ! የማን እንዲሆን ፈለግሽ? ድርሻዬንም እሱ ይወስዳል። እኔ አራት ወር ዳር ቁጭ ብዬ መረብ እጠግናለሁ፤ ወገቤም ያርፋል።»

ሰው የሚያሾፍ ሲመስለኝ ቁጣዬ ይነሳል። «ምን ፈልገህ ነው?» አልኩት። «ታንኳህን ያስደፉት እሳቸው አይደሉም? ስምንት ዓመት ሙሉ ስትሰድባቸው የኖርከው ለምንድን ነው ታዲያ?»

ኮፍያውን አወለቀ። ራሱ መሀሉ በራ ነው፤ ለካ ለዚህ ኖሯል።

«አልነገሩሽም?» አለ። «ባልሽም አልነገረሽም? እሱ እንኳን አይናገርም። ስሚ፤ ታንኳዬ በተደፋ ማግስት አማትሽ ቤቴ መጣች። ያን ጊዜ ከልጇ ጋር ወጥታ ዓሣ የምትይዘው እሷ ነበረች፤ መረብ አሳሳቧን ብታዪ! መቅዘፊያዋን ይዛ መጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችው። ‹ያስደፋሁህ እኔ ነኝ፣ ልጆችህን የማበላውም እኔ ነኝ› አለችኝ። አራት ወር በሷ ቦታ ተቀምጬ፣ በሷ ድርሻ ልጆቼን አበላሁ። እሷ ዳር ቁጭ ብላ ዓሣ ሰነጠቀች። ወንድሟንም እንዲሁ ነው ያደረገችው። በአራተኛው ወር ቦታሽን ተረከቢ ስላት ጉልበቷ ታስሮ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ውሃ ላይ አልወጣችም።»

«ታዲያ ስድቡስ?»

«ላመሰግናት በሞከርኩ ቁጥር ትሰድበኛለች። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፣ ሦስት ጊዜ ሰደበችኝ። በአራተኛው ቀድሜ ሰደብኳት፤ በጣም ደስ አላት። ከዚያ በኋላ እንደዚህ ነው የማመሰግናት።» ኮፍያውን መልሶ አጠለቀ። «በይ ቀስቅሺው፣ ፀሐይ ወጣች እኮ!»

ባሌ ወጣ። እኔ ደጃፍ ቆሜ ሁለቱ ሰዎች ወደ ዳር ሲወርዱ አየሁ። በዚያ ሳምንት ያላየሁት ጉድ የለም። አንዷ ጎረቤት የተረፋትን ጨው አመጣች፤ አንዷ ጓሯችን ገብታ ሳትጠየቅ ዓሣ ስትሰነጥቅልን ዋለች። የሱቁ ባለቤት እንኳን፣ ያ ቋጣሪ፣ ዘይት ሲሸጥልኝ ጠብታ ጨመረልኝ። በምስጋና ልቤ ሊፈነዳ ደረሰ። ለማን እንደምናገረው ግን አላወቅሁም፤ ያመሰገንኩት ሰው ሁሉ «ምን አድርጌ?» እያለ ይሸሸኛል።

አንድ ከሰዓት በኋላ አማቴ በርሜሎቹ አጠገብ ዓሣ ሲሰነጥቁ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ከዳሱ ቀን ወዲህ ስለ ነገሩ አንድ ቃል አልተነጋገርንም ነበር።

«እማማ፣ ባለቀይ ኮፍያው ነገረኝ» አልኩ።

«እሱ ወሬኛ ነው።»

«ስድስት ዓመት አብሬዎት ስኖር ከውሃ የቀሩት በእርጅና መስሎኝ ነበር። ለምን አልነገሩኝም?»

«ምኑን? ያረጀሁም እኮ አርጅቻለሁ። ጨው አቀብዪኝ።»

አቀበልኳቸው። አንድ ነገር ግን ሆዴን ሲበላኝ ሰንብቷል፤ ካልጠየቅሁ እንቅልፍ አይወስደኝም።

«ያን ቀን ገመዱን በእጅዎ ሸፈኑት» አልኩ። «ዝም ብል ኖሮ… ምን ይሉ ነበር?»

ቢላዋው ቆመ።

«እውነቱን ልንገርሽ?» አሉ። «ገመዱ ተበጥሷል እል ነበር። የናቴን ልጅ ታንኳ አስደፍቼ፣ የሱን ልጆች እንባ አይቼ፣ ለልጄና ለሚስቱ ስል ልዋሽ አፌን ከፍቼ ነበር። ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። አንቺ ቀደምሽኝ።»

እሳቸው ጨው የነካውን እጃቸውን ቀሚሳቸው ላይ ጠረጉና ወደኔ ዞሩ። ዓይናቸው ሞልቶ ነበር።

«እንደዚያ ብዬ ቢሆን ከዚያ በኋላ በየትኛው ፊቴ ዳሱ ውስጥ እቆም ነበር? ወንድሜንስ በምን ዓይኔ አየው ነበር? በየቀኑ ሳስበው ነው የከረምኩት። ሰው ሁሉ የሚያመሰግነው እኔን ነው፤ እኔ ግን ምስጋና ያለብኝ ላንቺ ነው። እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ።»

አለቀስኩ። አላባበሉኝም፤ እሳቸውም እያለቀሱ ነበር። ከዚያ ቢላዋቸውን አንስተው የሚቀጥለውን ዓሣ ሰነጠቁ፤ እኔም ጨው ነሰነስኩበት።